ጊታርና ቅኝት፦ ስለ መሰላል፣ ስለ ኮርድና ስለ ቃና የቀረበ ትችት

ጊታር የሚማር ሰው በማናቸውም አገር ቢሆን በሦስት በሮች እንዲገባ ይታዘዛል። የመጀመሪያው በር የድምፅ መሰላል ነው፤ ተማሪው ጣቶቹን ከወፍራሙ ገመድ ወደ ቀጭኑ፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ እያመላለሰ ደረጃዎቹን ያጠናል። ሁለተኛው በር ኮርድ ነው፤ ይኸውም ሦስት ወይም ከዚያ የበዙ ድምፆችን ባንድ ጊዜ ማሰማት ነው። ሦስተኛው በር ቃና ነው፤ ማለት የጠራ፣ የማይነዝር፣ ከጎረቤት ገመድ ጩኸት ጋራ ያልተቀላቀለ ድምፅ ማውጣት ነው። ይህ ሥርዓት ለተሠራለት ሙዚቃ መልካም ሥርዓት መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጊታር ለመጫወት የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በነዚሁ በሮች፣ በዚሁ ተራ ሊገባ ይገባዋልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለ ጊታር በአገራችን ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው፣ ጊታር የባዕድ ዕቃ ስለ ሆነ ቅኝታችንን ያበላሻል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቅኝት ማለት አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ድኻ መሰላል ስለ ሆነ የጎደሉት ሁለት ድምፆችና ኮርዶቹ ቢጨመሩለት ይሻሻላል እንጂ አይጎዳም የሚል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከመመርመራቸው በፊት ፈርደዋል። የፊተኞቹ መሣሪያውንና የመሣሪያውን አስተማሪ አንድ አድርገው ያያሉ። የኋለኞቹ ደግሞ ቅኝትን የድምፅ ቁጥር አድርገው ይቈጥሩታል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን በሮች አንድ ባንድ መርምረን፣ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣና ምን ማድረግ እንደሚቻል ለማመልከት እንሞክራለን።

ለዚህ ምርመራ ጫጫን መነሻ አድርገናል። ጫጫ በሰሜን ሸዋ፣ በአንጎለላና ጠራ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አጤ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት አንጎለላም በዚሁ ወረዳ ነው። አገሩ ገብስና በግ የሚበዛበት፣ ሌሊቱ የሚበርድ ደጋ ነው። ከተማዪቱ በጎዳናው ላይ ስላለች በአዲስ አበባ አዲስ የሆነ ነገር ሁሉ ቶሎ ይደርሳታል፤ ከጎዳናው ጥቂት ራቅ ሲሉ ግን ሽለላውና ቀረርቶው፣ የሰርጉና የማኅበሩ ዘፈን በቀድሞ መልኩ ይገኛል። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ ባንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሊነጻጸሩ ይችላሉ።

በዚህ አገር ባደረግሁት ጉብኝት ሁለት ዐይነት አቃኛኘት ጎን ለጎን ሲሠራበት አይቻለሁ። በዕድሜ የገፉ አንድ የክራር ተጫዋች ክራራቸውን የሚቃኙት ከገዛ ድምፃቸው ተነሥተው ነው። በቅድሚያ አንድ ሐረግ በለሆሳስ ያዜማሉ፤ አንዱን ገመድ ከዚያ ጋራ ያስማማሉ፤ ሌሎቹንም ተራ በተራ ያስከትላሉ፤ በመጨረሻም ገመዶቹን ሁሉ የሚፈትኑት በመሰላል ሳይሆን በዘፈኑ መጀመሪያ ሐረግ ነው። ወጣቶቹ ግን ጊታሩንም ክራሩንም በስልካቸው ውስጥ ባለው መቃኛ ይቃኛሉ፤ መርፌው መካከል ላይ ሲቆም ሥራው አለቀ። የሁለቱ ልዩነት የትጋትና የስንፍና ልዩነት አይደለም። የሥልጣን ልዩነት ነው እንጂ፤ በፊተኛው አቃኛኘት ዘፋኙ መሣሪያውን ያዝዛል፣ በኋለኛው መሣሪያው ዘፋኙን ያዝዛል።

፩. ስለ መሰላል

ቃኘ የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት ነገር ይናገራል። ገመድ አስማማ ማለትም ነው፣ አገርን ወይም የጠላትን ሰፈር ዞሮ ተመለከተ ማለትም ነው። ከዚህ የተነሣ ቅኝት የሚለው ስም፣ መሰላል የሚለው ቃል የማይሸከመውን ትርጉም ይሸከማል። መሰላል የተራ ነገር ነው፤ ቅኝት ግን የመንገድ ነገር ነው። ከየት እንደሚነሡ፣ በየት እንደሚያርፉ፣ በየት በኩል ዞረው እንደሚመለሱ ያመለክታል። የቅኝቶቹ ስሞችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ትዝታ የስሜትና የዘፈን ስም ነው፤ ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስሞች ናቸው፤ አንቺ ሆዬ የዘፈን ጥሪ ነው። ከአራቱ አንዱም የመሰላል ስም አይደለም።

ሆኖም ለማነጻጸር እንዲመች ሁሉንም ከዶ ብናስነሣቸው፣ በትምህርት ቤት እንደሚሰጠው ሠንጠረዥ፣ ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ግማሹ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። የዚህ ሠንጠረዥ ጥቅም ግልጽ ነው፤ በርቀት ያሉ ተማሪዎች ስለ አንድ ነገር በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ያስችላቸዋል።

ጉድለቱ ግን ከራሱ ከሠንጠረዡ ይወጣል። ከሶል የሚነሣውን ግማሽ ትዝታ እንውሰድ፤ ድምፆቹ ሶል፣ ላ፣ ሲ ቤሞል፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል ናቸው። እነዚህኑ አምስት ድምፆች አንድም ሳንጨምር፣ አንድም ሳንቀንስ ከሬ ብናስነሣቸው ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ቤሞል ይሆናሉ፤ ይህም አምባሰል ነው። እንግዲህ ድምፆቹ አንድ ሆነው ሳሉ ቅኝቶቹ ሁለት ከሆኑ፣ ቅኝትን ቅኝት የሚያደርገው የድምፆቹ ዝርዝር ሊሆን አይችልም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ቤት የሚሆነው ድምፅ፣ ማለት ዜማው የሚያርፍበት ስፍራ፣ ወደዚያም የሚያደርሰው የሐረግ አካሄድ ነው። መሰላሉን ብቻ ወጥቶ የወረደ ተማሪ የቤቱን ግድግዳ አየ እንጂ በሩን አላገኘም።

ከዚህ ጋራ ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ለጊታር ወዳጆች የሚያስደስት ነው። ጊታር እንደ ልማዱ ሲቃኝ ስድስቱ ገመዶች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ሚ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ የተለያዩት ድምፆች አምስት ብቻ ናቸው። በተራ ሲቀመጡም ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ፤ ይህም ከሶል የተነሣ ሙሉ ትዝታ ነው። ክራርም ስድስት ገመድ ሲኖረው ስድስተኛው ከአምስቱ ድምፆች የአንዱ ኦክታቭ ነው። ስለዚህ ጣት ሳይነካው የተቀመጠ ጊታር በድምፆቹ ቁጥር ከክራር እጅግ የራቀ አይደለም። ሁለቱን የሚ ገመዶችና የሲን ገመድ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብናደርጋቸው ደግሞ ከላይ የተናገርነው ግማሽ ትዝታ፣ ከሬ ከተነሣም አምባሰል፣ ባልተጫኑ ገመዶች ላይ ይገኛል። የክራር ተጫዋች ቅኝት ሲለውጥ ገመዱን እንደሚያላላና እንደሚያከርር ሁሉ የጊታር ተማሪም እንዲሁ ማድረግ ይችላል። ታዲያ ተማሪው ይህን ትቶ ሁሉንም ቅኝት ባንድ አቃኛኘት ላይ በጣት ሥራ ብቻ እንዲያወጣ የሚገደደው ለምንድር ነው? መልሱ፣ መጽሐፉ እንዲህ ስለሚያዝዝ ነው የሚል ብቻ ነው።

የድምፆቹ ርቀት ጉዳይም አለ። በጊታር አንገት ላይ የተተከሉት ፍሬቶች ኦክታቩን በአሥራ ሁለት እኩል ግማሽ ድምፆች ይከፍሉታል። በሙዚቃ ልኬት ኦክታቩ 1,200 ሴንት ስለ ሆነ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ይህ አከፋፈል ለአውሮፓ ሙዚቃ ራሱ ስምምነት ነው እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ከዶ እስከ ሚ ያለው ንጹሕ ርቀት 386 ሴንት ሲሆን ጊታር 400 ያደርገዋል፤ ከዶ እስከ ሶል ያለው ንጹሕ ርቀት 702 ሴንት ሲሆን ጊታር 700 ያደርገዋል። ማሲንቆና የሰው ድምፅ ግን በፍሬት አልታሰሩም። በተለይ በአንቺ ሆዬ የተጨዋቹ ጆሮ ድምፁን ከሠንጠረዡ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህም ስሕተት ሳይሆን የቅኝቱ ጠባይ ነው።

ሊቃውንቱም ይህን ነገር ከሞላ ጎደል ነክተውታል። ማይክል ፓውን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ መግቢያ የሚሆን መጽሐፍ አሳትመዋል። ሲንቲያ ኪምበርሊን በ1976 ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ማሲንቆንና የቅኝትን ባሕርይ የሚመለከት ነው። ስቴፋኒ ዋይሰርና ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደግሞ የአማራን ዓለማዊ ሙዚቃ ቅኝት በድምፅ ልኬትና በታሪክ መረጃ መርምረው ጽፈዋል። ከእነዚህ ሥራዎች የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅኝት በተጨዋቹ እጅ ሕያው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ አራቱ ቅኝቶች ዛሬ እንደምናያቸው ተደርድረው መቀመጣቸው ራሱ ታሪክ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከጥንት የወረደ ሕግ አድርጎ የሚያቀርብ አስተማሪ፣ ጥንታዊነትን የሚሰጠው ለተሳሳተው ነገር ነው።

የአገራችን የዜማ ትምህርት በምን እንደሚጀምር መመልከትም ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪው ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን የሚያጠናው በመሪጌታው አፍ ነው። ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት አንድ ነጠላ ድምፅ አያመለክትም፤ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን አንድ የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል። በመቶዎች የሚቈጠሩት ምልክቶች የሐረግ መዝገብ ናቸው። ዓለማዊው ዘፈን ከዚህ የተለየ ነገር ቢሆንም የጆሮ ትምህርቱ መንገድ ግን አንድ ነው፤ ሐረግ ይቀድማል፣ ድምፅ ከሐረጉ ውስጥ ይወጣል። የጊታር መጽሐፍ ይህን ተራ ገልብጦ ድምፅን ያስቀድማል፤ ሐረጉ በኋላ ይመጣል ብሎም ተስፋ ይሰጣል። ለብዙው ተማሪ ግን ሳይመጣ ይቀራል።

፪. ስለ ኮርድ

ከሦስቱ በሮች እጅግ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ለጀማሪ የሚሰጡት ሦስት ኮርዶች ከዶ ብንነሣ የዶ፣ የፋና የሶል ኮርዶች ናቸው። የዶ ኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ የፋ ኮርድ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ የሶል ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። አሁን ሙሉውን ትዝታ እናስታውስ፤ ትዝታ የሚተዋቸው ሁለቱ ድምፆች ፋና ሲ ናቸው። እንግዲህ ጀማሪው ትዝታን በሦስቱ ኮርዶች ሲያጅብ፣ ሁለተኛው ኮርድ ፋን፣ ሦስተኛው ኮርድ ሲን፣ ማለት ቅኝቱ ሆን ብሎ የተዋቸውን ድምፆች፣ በየተራ ያስገባቸዋል። ሲ ደግሞ ከዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ የምትርቅ ስለ ሆነች ዜማውን ወደ ዶ ትገፋዋለች። ሙሉው ትዝታ በውስጡ ግማሽ ድምፅ የለውም፤ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም ተገፍቶ ሳይሆን ዘግይቶ፣ እየተመላለሰ ነው። የሶል ኮርድ ሲመጣ ያ መዘግየት ይጠፋል። ዘፈኑ ትዝታ መባሉ ይቀጥላል፤ የትዝታው ነገር ግን ሄዷል።

በአምባሰል ላይ የሚደርሰው ከዚህ ይበልጣል። ከአምባሰል አምስት ድምፆች ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉት የተለመዱ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ፋ፣ ላ ቤሞል፣ ዶ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ላ ቤሞል ነው። ቤት በሆነው በዶ ላይ የሚቆም ኮርድ የለም። ስለዚህ ቅኝቱን ላለማፍረስ የሚጠነቀቅ ጊታር ተጫዋች፣ ከአምስቱ ድምፆች ሳይወጣ፣ የፋን ኮርድ መሠረት አድርጎ ይይዛል። ሰሚውም ቤቱ ፋ ይመስለዋል። ከፋ የተነሡት እነዚያው አምስት ድምፆች ግን ቀደም ብለን እንዳየነው ግማሽ ትዝታ ናቸው። እንግዲህ ተጫዋቹ አንድም የባዕድ ድምፅ ሳያስገባ አምባሰልን ወደ ግማሽ ትዝታ ለውጦታል። ይህ ማስረጃ ቅኝት የድምፅ ዝርዝር ነው የሚሉትን ወገኖች ብቻ ሳይሆን፣ ከአምስቱ ድምፅ አትውጡ እያሉ የሚጠብቁትንም ይወቅሳል፤ ሁለቱም የሚቈጥሩት አንድ ነገር ነውና። አንቺ ሆዬ ደግሞ በዶ ላይ ኮርድም፣ ከዶ እስከ ሶል ያለው የአምስተኛ ርቀትም የለውም፤ በሶል ፈንታ ሶል ቤሞል ስላለ ቤቱ ራሱ እንደ ተንጠለጠለ ይኖራል። ውበቱም ከዚያ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ጊታር ዝም ይበል ማለት ነውን? አይደለም። ከሦስት ድምፅ ኮርድ ፈንታ ሁለት ድምፅ ያለው የአምስተኛ ርቀት ቢያዝ ነገሩ ይለወጣል። በሙሉው ትዝታ ዶና ሶል፣ ሬና ላ፣ ሶልና ሬ፣ ላና ሚ አራት አምስተኛዎች ይገኛሉ፤ አንዱም ከቅኝቱ አይወጣም። በአምባሰል ዶና ሶል አለ፤ ስለዚህ ኮርድ የከለከለውን ቤት አምስተኛው ይመልስለታል። ከዚህም ሌላ፣ የቤቱን ድምፅ በወፍራሙ ገመድ ላይ በአውራ ጣት ሳያቋርጡ መያዝና ዜማውን ከበላዩ በሌሎቹ ጣቶች ማስኬድ ይቻላል።

ኮርድ ከቅኝት ጋራ ብቻ ሳይሆን ከግጥም ጋራም ይጋጫል። የአማርኛ ዘፈን ግጥም የራሱ ልክ አለው፤ የወል ቤት ስድስት በስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ቀለም ይከፈላል። ዘፋኙ ግን ይህን ልክ እንደ ሰዓት አይጠብቅም፤ ሰሙን ያስረዝማል፣ ወርቁ ከመውደቁ በፊት ይቆያል፣ ሰሚው ቃሉን እስኪፈታ ድረስ በክራሩ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ አራተኛ ምት ላይ የሚለዋወጥ ኮርድ ይህን ጊዜ አይሰጥም። ዘፋኙ ኮርዱን ለመከተል ቃሉን ያቻኩላል፤ ቅኔው ሳይፈታ ያልፋል። ብዙ ሰዎች ዛሬ የዘፈን ግጥም ቀለለ እያሉ ያማርራሉ፤ የግጥሙን መቅለል ከአጃቢው መሣሪያ አካሄድ ጋራ አያይዞ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

፫. ስለ ቃና

በጊታር ትምህርት ቃና በመጨረሻ የሚመጣ ጌጥ ነው፤ መሰላሉና ኮርዱ ከተጠና በኋላ ተማሪው ድምፁን እንዲያጠራ ይመከራል። በአገራችን መሣሪያዎች ግን ቃና መጀመሪያ ነው። በገናን እንመልከት። ዐሥሩ ገመዶች በብርኩማው ላይ ሲያልፉ ከያንዳንዳቸው በታች እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቍራጭ ይገባል፤ ገመዱ ያንን እየነካ ሲርገበገብ እንደ ንብ መንጋ የሚያም ድምፅ ይወጣል። እንዚራው በቦታው ካልተቀመጠ በገናው ገና አልተቃኘም። የጊታር አስተማሪ ይህንኑ ንዝረት ቢሰማ የመሣሪያው ጉድለት ነው ብሎ ፍሬቱን ያስሞርዳል። አንዱ አገር ጉድለት ያለውን ሌላው አገር ፍጹምነት ይለዋል፤ ስለዚህ የጠራ ድምፅ የሚባለው ነገር ለሁሉ አንድ አይደለም።

በክራርም እንዲሁ ነው። ክራር በመግረፊያ ሲመታ ቀኝ እጅ ገመዶቹን ሁሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ገመዶች እየነኩ ዝም ያሰኛሉ። በጊታር የግራ እጅ ገመዱን ተጭኖ ድምፅ ይፈጥራል፤ በዚህ ዐይነቱ የክራር ምት ግን የግራ እጅ ድምፅ ይከለክላል፣ ዜማውም ሳይከለከል ከቀረው ይወጣል። የታፈኑት ገመዶች ደረቅ ምት የዘፈኑ ከበሮ ነው። ይህን ያልሰማ ተማሪ በጊታሩ ላይ ገመዶቹን ሁሉ ክፍት አድርጎ ሲመታ፣ ድምፁ የበለጸገ ይመስለዋል፤ ምቱ ግን ሞቷል።

የካሣ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን የክራር ቅጂዎች በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ይረዳል። በሁለቱም ዘንድ ክራሩ ዘፈኑን አይሸፍንም፤ ይጠብቀዋል፤ ቃሉ ሲያልቅ ይመልስለታል። የጊታር ተማሪ ከእነዚህ ቅጂዎች አንዱን ወስዶ፣ ዜማውን ከመቅዳቱ በፊት ዝምታውን ቢቀዳ፣ ማለት ክራሩ በየት በየት እንደሚያቆም ቢያጠና፣ ከብዙ ወር የመሰላል ልምምድ የበለጠ ያተርፋል።

፬. ስለ መሣሪያው ክብርና ነቀፋ

ጊታር በጫጫና በመሰሎቿ ከተሞች የሚወደደው በድምፁ ብቻ አይደለም። አሸናፊ ከበደ፣ የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት ሊቅ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 ስለ ክራር ባወጡት ጽሑፍ አርእስት ላይ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ብለውታል፤ ይህም ሕዝቡ ለመሣሪያው የሰጠውን ስም መመዝገባቸው ነው። በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር ክራር ከመጠጥ ቤትና ከፍቅር ዘፈን ጋራ ተቈጥሯል። ማሲንቆ የያዘ ሰውም አዝማሪ ተብሎ በሚፈለግበት ቤት ሳይቀር ሲናቅ ኖሯል። ጊታር ግን ሲመጣ ከነዚህ ስሞች አንዱንም ይዞ አልመጣም። ወላጆች ልጃቸው ክራር ሲያነሣ ቢከፉም ጊታር ሲያነሣ ዘመናዊ ሆነ ሊሉ ይችላሉ።

ይህ ነጻነት ለወጣቱ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ክራር የሚያጠና ልጅ በየሰርጉ ሲሳሳት የሚሰማውና የሚያርመው ሽማግሌ አለ፤ ሽማግሌው መሣሪያውን ባይነካ እንኳ ዘፈኑን ያውቃልና። ጊታር የሚያጠናው ልጅ ግን ከዚህ ችሎት ውጭ ነው። ሽማግሌዎቹ የጊታርን ነገር አናውቅም ብለው ዝም ይላሉ፤ ልጁም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ጉዳቱን የሚያመጣው የጊታሩ እንጨትና ገመድ አይደለም፤ ጊታሩ ከሰሚው ማኅበር ጆሮ ውጭ መሰማራቱ ነው።

፭. ስለ መልካም ምሳሌዎች

መሣሪያ ሁሉ ሊገራ እንደሚችል ምስክር አለን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1923 እስከ 2023 የኖሩት መነኩሲት፣ ከጊታር ይልቅ የታሰረ በሆነው በፒያኖ ላይ ሠርተዋል፤ የፒያኖ ድምፅ በጣት ሊጎተት አይችልምና። እርሳቸው ግን ዜማውን በምት ልጓም ሳያስሩት፣ በዋናው ድምፅ ዙሪያ ትንንሽ ድምፆችን እየረጩ፣ የቅኝትን አካሄድ ከመዶሻ መሣሪያ አውጥተዋል። በ1975 በወጣው በማሕሙድ አሕመድ ኤረ መላ መላ ዘፈን ደግሞ፣ የአይቤክስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሰላም ስዩም መሣሪያውን በኮርድ ብዛት አይጭነውም፤ ጊታሩ አጫጭር ሐረጎችን እየደጋገመ ከቀሩት መሣሪያዎች ጋራ ይጠላለፋል። ይህ መደጋገም ከአውሮፓ ኮርድ ይልቅ ለክራር ምት ይቀርባል።

ከአገራችን ውጭም ትምህርት የሚሆን አለ። በማሊ አሊ ፋርካ ቱሬ ከጊታር በፊት የአገሩን የገመድ መሣሪያዎች ስለሚያውቅ ጊታሩን በእነርሱ አንደበት አናገረው። በዚምባብዌ ጆና ሲቶሌና ጓደኞቹ የምቢራን ዜማ ወደ ጊታር ሲያሻግሩ ገመዱን በእጃቸው እያፈኑ የብረቱን ምላስ ደረቅ ድምፅ ፈለጉ። በሁለቱም አገሮች ጊታር ተማሪ ሆነ እንጂ መምህር አልሆነም። የኛ ሙላቱ አስታጥቄም በአምስቱ ድምፅና በአሥራ ሁለቱ መካከል ያለውን ጉዳይ የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎታል። ከርሱ ሥራ የምንወስደው፣ የኮርድ አጠቃቀም የሚመረመር የምርጫ ጉዳይ እንጂ የማይቀር ዕዳ አለመሆኑን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሦስቱን በሮች ተራ መለወጥ ነው። ተማሪው በቃና ይጀምር፤ በመጀመሪያ ገመዱን ማፈንን፣ ከብርኩማው አጠገብና ከቀዳዳው በላይ ያለውን የድምፅ ልዩነት፣ በጥፍርና በሥጋ መምታትን ይወቅ። ቀጥሎ ሐረግ ይያዝ፤ የሚጫወተውን ሁሉ በቅድሚያ በአፉ ያዚም፣ ሐረጉ የሚያርፍበትን ቤት ሳያውቅ ጣቱን አያንሣ። ከዚያ በኋላ መሰላሉን ከሐረጉ ውስጥ አውጥቶ ስም ይስጠው፤ ለየቅኝቱም ገመዶቹን መልሶ ይቃኝ። ፍሬቱ ከጆሮው ጋራ ባልተስማማበት ስፍራ ገመዱን በጣቱ ገፍቶ ድምፁን ከፍ ያድርግ። ኮርድ መጨረሻ ይምጣ፤ ሲመጣም በአምስተኛ ርቀትና ጸንቶ በሚዘልቅ የቤት ድምፅ ይጀምር። ሦስት ድምፅ ያለው ኮርድ የሚጨምር ሰው፣ በየትኛው ቃል ላይ፣ ስለ ምን እንደ ጨመረው መናገር ይቻለው።

ለዚህ ማኅበር ምሁራንና ከፍ ላሉት ተማሪዎች አንድ የሥራ ነገር ልጨምር። ዘፈን ለመቅዳት ወደ ገጠር ስንወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ተጫዋቹ መቃኘቱን እስኪጨርስ እንጠብቅና መቅጃውን ከዚያ በኋላ እንከፍታለን። ስለዚህ ዘፈኑ በመዝገብ ቤት ሲገኝ አቃኛኘቱ አይገኝም። አሁን ግን አደጋ ላይ ያለው ዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑን ከስልክ ላይም የሚያገኘው ወጣት አለ። ከስልክ የማይገኘው፣ ሽማግሌው ከገዛ ድምፃቸው ተነሥተው ገመዱን የሚያስማሙበት ያ ጥቂት ደቂቃ ነው። በጫጫም ሆነ በአንኮበር፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ ከዚያ ወዲያ፣ ከእንግዲህ የሚወጣ ተማሪ መቅጃውን ክራሩ ከግድግዳ ሲወርድ ይክፈት። የገመዶቹን ድምፅ በሴንት ይለካ፤ በማግስቱም ተመልሶ ያንኑ ክራር ደግሞ ሲቃኝ ይቅዳ። ሁለቱ ልኬቶች የሚስማሙበትና የሚለያዩበት ስፍራ ሲታወቅ፣ የትኛው ርቀት የቅኝቱ፣ የትኛው የሰውዬው፣ የትኛውስ የብርዱና የገመዱ እንደ ሆነ መለየት እንጀምራለን። የጊታር መማሪያ መጽሐፍ በአማርኛ መጻፍ የሚገባውም ከዚያ በኋላ ነው።